ሳፋው ካለበት አይነሳ

ቀኝ እጇ አንድ መርፌ ይዟል፣ ግራ እጇም ሌላ። ወስፌው በበሳው ቀዳዳ ሁለቱን መርፌዎች ከሁለት አቅጣጫ ታስገባለች፤ ተላልፈው ሲወጡ ክንዶቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ ክሩን ታጠብቃለች። ሰም የተቀባው ክር ሲጠብቅ ጭርጥ ይላል። ደግሞ ወስፌውን ታነሳለች። አንድ የእግር ኳስ ሠላሳ ሁለት ቁራጭ ቆዳ አለው፤ ሁሉም የሚሰፋው ከውስጥ በኩል ነው። ሊያልቅ ሲል ይገለበጥና የውስጥ ጎማው ይገባል። የመጨረሻዋ ስፌት ግን የምትዘጋው ከውጭ ነው፣ ዓይን ሳያይ ጣት ብቻ እየዳሰሰ። ያቺን ስፌት ስትሰፋ የልጅ ልጄን ማንም አያናግራትም። እኔም አላናግራትም፤ ትከሻዋን ነው የማየው። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ከተጠጋ ስፌቱ አላለቀም፣ ጊዜው ግን ደርሷል ማለት ነው።

የምን ጊዜ እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ልጻፈው ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ። «ጻፊው እማማ፣ ግን እንዳታሳምሪው» አለችኝ።

ሌሎች ኳስ ሰፊዎች ቆዳውን የሚይዝላቸውን የእንጨት መቆንጠጫ በጉልበታቸው መሃል ያጠብቁታል። የእሷ ጉልበት ምንም ነገር መያዝ ካቆመ ሰባት ዓመት ሆኖታል። አጎቷ ብረት በያጅ ነው፤ መቆንጠጫውን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር በብሎን አሰረላት። ሰፈሩ ኳስ ሰፊዋ ይላታል። እኔ እሜቴ እላታለሁ። እናቷ ሞታ በሦስት ዓመቷ እኔ ጋ የመጣች ጊዜ፣ ወንበር ላይ ተኮፍሳ «ጫማዬን አምጪልኝ» ብላ ያዘዘችኝ ቀን ያወጣሁላት ስም ነው። አመጣሁላት። እስከ ዛሬም እያመጣሁላት ነው፤ ዛሬ ግን የማጠልቅላትም እኔ ነኝ።

በሃያ አራት ዓመቷ ከሥራ ስትመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ መታጠፊያ ላይ ተገለበጠ። አሥራ አራት ሰዎች ነበሩበት፤ አሥራ ሦስቱ አቧራቸውን አራግፈው ተነሱ። እሷ የአከርካሪ አጥንቷ ተሰብሮ ውስጡ ያለው ህብለ ሰረሰር ተጎዳ። ከወገቧ በታች ያለው አካሏ መልእክት መላክም መቀበልም አቆመ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያገኘን ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። «ትራመዳለች?» ጎረቤት ይጠይቃል፣ ዘመድ ይጠይቃል፣ መንገድ ላይ ዊልቸሩን ያየ የማላውቀው ሰው ሳይቀር ይጠይቃል። አትራመድም ስላቸው ከንፈራቸውን መጠው ይሄዳሉ። ከወገብ በታች እግር ብቻ ያለ ይመስላቸዋል።

እንግዲህ የቀረውን ላውራ። ሽንቷ ሲመጣ አይሰማትም፣ ሰዓት ቆጥራ ነው የምታውቀው፤ ሲመጣም አይቆምላትም። በየአንድ ሰዓት ተኩል ይለቃታል። በየአንድ ሰዓት ተኩል ጨርቅ ይቀየራል፣ ገላዋ ይታጠባል፣ ይደርቃል። ካልደረቀ ቆዳዋ ይቆስላል፤ ቁስሉ ደግሞ አይሰማትም፣ የማየው እኔ ነኝ። አንዴ የሳንቲም ያህል የነበረ ቁስል አምልጦኝ አራት ወር በሆዷ ተኝታለች። ከአልጋዋ ሥር አንድ ሰማያዊ ሳፋ አለ። ጨርቁ የሚዘፈዘፈው እዚያ ነው። ያ ሳፋ ባዶ ሆኖ ያደረበትን ቀን አላስታውስም።

ባዶ ሆኖ የዋለበትን ቀን ግን አስታውሳለሁ።

በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ አንዲት ዶክተር ክፍል ነበራት። አጭር ናት፣ ሁልጊዜ እየሮጠች ዳቦ ትገምጣለች። እንደ እሜቴ ህብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ሃያ ሁለት ሰዎችን ሰብስባ ጥናት ጀመረች። የሳሙና ባኮ የምታህል መሣሪያ ነበረቻት፤ ሁለት ሽቦ ከወገብ በታች ይለጠፋል፣ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ማታ ግማሽ ሰዓት፣ መሣሪያዋ ነርቩን በቀስታ ትነዝረዋለች። ፊኛው እንደገና መያዝ ይማር እንደሆነ ለማየት ነው። ገንዘቡ የሕዝብ ነው፤ ለምርምር ገንዘብ የሚመድብ ኮሚቴ ለሁለት ዓመት ፈቅዶላታል። ሦስተኛው ዓመት ሲደርስ ይቀጥል ወይስ ይቁም ብሎ የሚወስነውም ያው ኮሚቴ ነው።

በስምንተኛው ወር ሁለት ሰዓት ያዘች። ዓመት ሲሞላ ሦስት ሰዓት። አንድ ቀን የሰፋቻቸውን ኳሶች በመረብ ጠቅልላ፣ ታክሲ ጠርታ፣ ብቻዋን ወደ ስፖርት ዕቃ ሱቁ ሄደች። ስትመለስ ጉንጯ ቀልቷል።

«ከማን ጋር ተጣላሽ?» አልኳት።

«የሱቁ ባለቤት! ስፌቱ ላልቷል አይለኝም መሰለሽ! አንድ ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቅኩ። እማማ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ!»

ማሸነፏን ሳይሆን ሰዓቱን ነው ደጋግማ የነገረችኝ። በዚያ ቀን ነው ሳፋው ባዶውን የዋለው።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ። ኮሚቴው ከመወሰኑ በፊት የታማሚዎቹን ኑሮ በየቤታቸው የሚያይ መዝጋቢ ይልካል፤ የእኛ ተራ ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ሳስብ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል። ሰው ሊመጣ ነው፣ ያውም የመንግሥት ሰው! አጎቷ አዲስ አንሶላ ገዝቶ መጣ። ግድግዳውን በሳሙና አጠብኩ። ጨርቆቹን ሁሉ ሰብስቤ ሳፋውን በጨርቅ ሸፍኜ ጎረቤት አስቀመጥኩ። መሣሪያዋን ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩ፣ መለጠፊያው የሽንት ነጠብጣብ ነበረበትና። እሜቴ ደግሞ እንግዳው እያለ እንዳታፍር ብላ ከሰኞ ቀትር ጀምሮ ጉሮሮዋን በውሃ አላራሰችም። እኔ ሰኞ ማታ ብርጭቆውን ሞልቼ አስቀመጥኩ፣ ማክሰኞ ጠዋት እንደሞላ አገኘሁት፣ ደፋሁት። ጠጪ አላልኳትም። አውቄ ነው ያላልኳት።

መዝጋቢው ማኅደር ይዞ መጣ። ከበሩ ላይ አፍንጫውን ከፍ አድርጎ አሸተተ፤ አየሁት። ሽታ ሲያጣ ፊቱ ተፈታ። ሁለት ሻይ ጠጣ። አንዱን ኳስ አንስቶ ወለሉ ላይ አነጠረው።

«እማማ፣ የሚያስቸግራችሁ ነገር አለ?»

«ምን ጎድሎብን ልጄ! ተመስገን ነው፣ ሁሉ ሙሉ ነው።»

«ሽንትን በተመለከተስ?»

አጎቷ ጉሮሮውን ጠረገ። «በዚያ በኩል ምንም ችግር የለብንም ጌታዬ።»

እሜቴ አፏን ከፈተች። አየኋት። ያቺን ዝም በይ የምትል አስተያየቴን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃታለች። አፏን ዘጋች።

«የሄድኩባቸው ቤቶች ሁሉ ንጽሕናቸው ያስቀናል» አለ መዝጋቢው እየጻፈ። «እውነት ለመናገር ሌላ ነገር ነበር የጠበቅኩት።»

ደስ አለኝ። ሞኟ እኔ ደስ አለኝ! በር ድረስ ሸኘሁት።

በሁለተኛው ቀን እሜቴ ተንቀጠቀጠች። ውሃ ያጣ ፊኛ መርዝ ያበቅላል፤ ትኩሳቱ አርባ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ዶክተሯ ወረቀት ይዛ መጣች። ያን ቀን ዳቦ አልያዘችም። ቆማ አነበበችልን። «የታማሚዎቹ የቤት ኑሮ የተረጋጋ ነው። ከሁኔታቸው ጋር በሚገባ ተላምደዋል። ከሽንት ጋር የተያያዘ ችግር በአብዛኛዎቹ ቤቶች አልተስተዋለም። በመሆኑም የጥናቱ አስቸኳይነት አልታየንም።»

ተላምደዋል! ይህችን ቃል የጻፈ ሰው አንሶላ አጥቦ አያውቅም።

«ከሃያ ሁለቱ አሥራ ዘጠኙ ቤት ችግር የለብንም ብሏል» አለች ዶክተሯ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ችግር የሌለበትን ሰው ሳክም ኖሬያለሁ ማለት ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ እናንተ ምን አላችሁት?»

ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድም ወረቀቱ ላይ ነበር። ሰውን አስሮ የሚያቆምና እግር የሚያንቀሳቅስ ትልቅ የብረት ማሽን ሊገዛ ታስቧል፤ አንድ ማሽን፣ በአንድ አዳራሽ። ፎቶግራፍ ላይ ያምራል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

«መጥፎ ማሽን አይደለም» አለች ዶክተሯ፣ ከእውነት ስለማትሸሽ።

«መጥፎ አይደለም» አለች እሜቴ ከአልጋዋ። «እላዩ ላይ ሲለቀኝ ማን እንደሚያጥበው ብቻ ይንገሩኝ።» ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እማማ፣ በዚያ ዓይንሽ ሁለተኛ እንዳታይኝ።»

ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ጨርቋን ስቀይር ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ስንት ጊዜ ለሰው ተርቼዋለሁ! ለሰው ነው እንጂ ለራስ ማን ይተርታል።

ኮሚቴው ውሳኔውን ከመፈረሙ በፊት አንድ ግልጽ ስብሰባ ነበረው፤ የፈለገ ሰው ሦስት ደቂቃ መናገር ይችላል። እሜቴ እሄዳለሁ አለች። አጎቷ የያዘውን ማንኪያ ወረወረ።

«ገመናችንን አደባባይ ልታወጪ? ወንድ በሞላበት አዳራሽ?»

«አጎቴ፣ ገመናው የማን ነው?»

«የቤቱ ነው!»

«ቤቱ ነው የሚሸናው?»

በሩን ወርውሮ ወጣ። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ የተናደደ ሲመስል ያፈረ ነው። በስብሰባው ጠዋት ልብሱን ቀይሮ መጥቶ ምንም ሳይናገር ዊልቸሩን ገፋ።

መራመድ የማይችሉ ሰዎች ጉዳይ የሚወሰንበት ያ አዳራሽ አሥራ አንድ ደረጃ አለው። ቆጥሬዋለሁ። አጎቷ አዝሏት ወጣ፣ እኔ መሣሪያዋን ተሸከምኩ፣ ዊልቸሩን ሁለት ጥበቃዎች እያጉረመረሙ አነሱት። «ቀደም ብላችሁ ብትናገሩ ኖሮ» አለ አንደኛው። ለማን እንደምንናገር ግን አልነገረንም።

ሰብሳቢው ከመድረኩ ላይ ሰዓቱን አየ። በጸጉሩ መሃል ያለው መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

«እሺ የኔ እህት፣ ሦስት ደቂቃ አለሽ። በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በዚህ ሕክምና እግርሽን ማንቀሳቀስ ችለሻል?»

«አልቻልኩም።»

«ትንሽም?»

«ትንሽም።»

ግራና ቀኙን አየ፣ እስክሪብቶውን አስተኛ። «እንግዲህ—»

«እንግዲህ አይበሉ፣ ገና አልጀመርኩም። እርስዎ ዛሬ ጠዋት ስንት ጊዜ ሸኑ?»

አዳራሹ ተንጫጫ። ከኋላ አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ፣ ሌላው ዝም አሰኘው። አጎቷ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ይህ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው!»

«አያስታውሱትም አይደል? እኔ አስታውሳለሁ። ሰባት ዓመት ሰው ሁሉ ስለ እግሬ ጠየቀኝ። እንድራመድ የጠየቅኩት ማንን ነው? እኔ የጠየቅኩት ሦስት ሰዓት ነው። በሦስት ሰዓት ኳስ እጨርሳለሁ፣ ሱቅ ሄጄ እመለሳለሁ፣ ከሰው ጋር እጣላለሁ። ይህቺ ባኮ ሦስት ሰዓት ሰጥታኛለች። ሌሎቹ እንደ እኔ ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም፤ ጥናት የሚባለው እሱን ለማወቅ አይደል እንዴ?»

«ሪፖርቱ ግን በቤታችሁ ችግር አልታየም ይላል።»

«ሪፖርቱ ላይ ያለው ንጽሕና የእኔ ጥማት ነው» አለች። «መዝጋቢው ሊመጡ ነው ተብሎ ከቀትር እስከ ቀትር ውሃ አልጠጣሁም። ሳፋው ጎረቤት ነበር። እሳቸው ከወጡ በኋላ ስድስት ቀን ሆስፒታል ተኝቻለሁ። እሱን ጽፈውታል?»

መዝጋቢው ከዳር ተቀምጧል። ማኅደሩን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዟል።

ሰብሳቢው ፊቱ ጠቆረ። «ስለዚህ የኮሚቴውን ሠራተኛ ዋሽታችኋል ማለት ነው። ይህ ራሱ ያስጠይቃል። ሐሰተኛ መረጃ በሰጡ ሰዎች ቃል የሕዝብ ገንዘብ—»

ተነሳሁ። መደበቅ በቅቶኛል።

«የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

«እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?»

«ሳፋውን የደበቅኩት።»

«እናቴ፣ ይቀመጡ፤ ተራ አልያዙም።»

«ተራ ይዣለሁ እንጂ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ! ልጄ፣ ቤትህ እንግዳ ሲመጣ እናትህ የቆሸሸውን ልብስ ሳሎን ታነጥፍ ነበር?»

በዚህ ጊዜ መዝጋቢው ሳይፈቀድለት ቆመ። ድምፁ ቀጭን ነበር።

«ሰብሳቢ… አንሶላዎቹ» አለ።

«ምን አንሶላ?»

«የአልጋ አንሶላዎቹ። ሁሉም አዲስ ነበሩ። የማጠፊያቸው መስመር እንኳ አልጠፋም ነበር። እነዚህ ሰዎች ቤት ብቻ አይደለም፤ በአሥራ ዘጠኙም ቤት። እኔ… ንጹሕ ሰዎች ናቸው ብዬ ጻፍኩ።»

አሥራ ዘጠኝ ቤት! አንተዋወቅም፣ ምድር ቤቱ ኮሪደር ላይ አንገታችንን ደፍተን ነው የምንተላለፈው። ግን አሥራ ዘጠኝ ቤት አንድ ቀን እንኳ ሳንመካከር ያንኑ አንሶላ ገዝተን፣ ያንኑ ሳፋ ደብቀን፣ «ተመስገን፣ ሁሉ ሙሉ ነው» አልን። በገዛ እጃችን።

ይቅርታ የጠየቀን የለም። ኮሚቴው አንድ ሰዓት ዘግቶ ተነጋገረና ሰብሳቢው ወጥቶ አነበበ። ውሳኔው ለአንድ ወር ይቆያል። መዝጋቢው ሃያ ሁለቱንም ቤቶች እንደገና ይጎበኛል፤ ቀኑና ሰዓቱ አስቀድሞ አይነገርም። «በዚህኛውም ጉብኝት አሳማኝ ችግር ካልተገኘ መዝገቡ ይዘጋል።» እስከዚያው መሣሪያዎቹ ይሰበሰባሉ። አሳማኝ ችግር! ችግር እንኳ ልብሱን ለባብሶ ማስረዳት አለበት ለካ።

የእሜቴን መሣሪያ ሰኞ ወሰዷት። በሳምንቱ ወደ ሁለት ሰዓት ወረደች፤ አሁን ወደ አንድ ተኩል። የመጨረሻዋን ስፌት ጀምራ ሳትዘጋ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል። መርፌዎቹን ትሰካቸዋለች፣ እቀይርላታለሁ፣ ስትመለስ ክሩ ላልቶ ይጠብቃታል። ታፈርሰዋለች። ያቺኑ ስፌት ትላንት አራት ጊዜ አፈረሰቻት። የሱቁ ባለቤት ዛሬ ስፌቱ ላልቷል ቢላት የምትመልስለት የላትም።

አጎቷ አዲሱን አንሶላ አጥፎ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጦታል። ሳፋው ከአልጋው ሥር ነው፣ የተዘፈዘፈውም ውስጡ። መዝጋቢው ዛሬም ሊመጣ ይችላል፣ ነገም። ይሸታል። ይሽተት። ሻይ አፈላለታለሁ፣ እዚያው ሳፋው አጠገብ ቁጭ ብሎ ይጠጣል።

እኛ ቤት ችግር የለም፤ ማለቴ እኛ ቤት ችግሩ ተገልጧል። የሚያስፈራኝ የሌሎቹ ነው። አንድ ቤት ብቻውን ቢናገር ቅጥፈት ይሉታል። የእነዚያን እናቶች ስም አላውቅም፣ ቤታቸውንም አላውቅም። ዊልቸር ያለበት ቤት ግን በየሰፈሩ አለ፤ አጥራቸው ላይ ሁልጊዜ የታጠበ ጨርቅ አይጠፋም።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። እንዲህ ያለ ቤት የምታውቁ ከሆነ ዛሬውኑ በሩን አንኳኩ። ታማሚዋ ውሃ እንድትጠጣ፣ አንሶላው እንዳይቀየር፣ ሳፋው ካለበት እንዳይነሳ ንገሩልኝ። እናቲቱ ምን ጎድሎብን ብላ ልትሸኛችሁ ብትነሳ አትመኗት፣ ተቀመጡ። ማንበብ የማትችል ከሆነችም ይህን ወረቀት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀስ ብላችሁ አንብቡላት።